ባሕር ዳር ውስጥ ከመጠጥ ለመራቅ የሚደጋገፉ ሰዎች አሉ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አረቄ ካቆምኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ አልፎም መንዘፍዘፍ ሊያጋጥመው ስለሚችል የተውኩት በሐኪም ክትትል ነው። አካሌ ደኅና ነው፤ የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል፣ ጸበልም ተጠምቄያለሁ፣ የንስሐ አባቴም አልተለዩኝም። ነገር ግን ሲመሽ የሚይዘኝን ጭንቀት ያላለፈበት ሰው እንዴት ይረዳልኛል? ወዳጆቼ ሁሉ የመጠጥ ወዳጆች ነበሩ። የጽዋ ማኅበር ልግባ እንዳልል ደግሞ እዚያም ጠላ ይቀዳል!

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ እንደተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ያለ፣ ማንነት ሳይገለጥ ልምድ የሚካፈሉበት፣ በአማርኛ የሚካሄድ ስብሰባ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ባሕር ዳር ባይኖር ጎንደርም እሄዳለሁ፤ በስልክ የሚደረግም ቢሆን አልጠላም። ክፍያ ካለው ቀድሜ ባውቅ ይሻለኛል።

ጨርሶ ከሌለስ? ሁለት ሦስት ሆነን እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን ብንጀምር፣ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አብሮን መቀመጥ አለበት ወይስ ራሳችንን መምራት እንችላለን? እንዲህ ያለ ነገር በከተማው የሞከረ ካለ፣ የት ትሰበሰቡ እንደነበርና ምሥጢር እንዴት እንደጠበቃችሁ ንገሩኝ።