የቅዱስ ዮሴፍን ታሪክ ለመጽሔት ስናዘጋጅ፦ የምሥረታው ዓመት፣ «አባ» ወይስ «ብራዘር»፣ የጎደሉት ስሞች

ጠያቂ፦ የማኅበሩ_ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የቀድሞ ተማሪዎች ሆነን ስለ አዲስ አበባው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት አነስ ያለች መጽሔት እያዘጋጀን ነው። ሦስት ነገር አስቸግሮናል። የተመሠረተበት ዓመት አንዱ ጋ 1951፣ ሌላው ጋ 1952፣ ሌላው ጋ ደግሞ 1959 ተብሎ ተጽፏል። መሥራቾቹን ግማሹ «አባ»፣ ግማሹ «ብራዘር» ይላቸዋል። ከሰበሰብነው የ12ኛ ክፍል ስም ዝርዝር ውስጥም የ1967 እና የ1968 የለም። ጠፍቶ ይሆን?

መዝገብ_ወዳጅ
1959 በፈረንጆቹ ነው። ዓ.ም. ብላችሁ ካተማችሁት የትምህርት ቤቱን ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ታሳንሳላችሁ። ወደ እኛ ስትመልሱት ወሩን እዩ፤ ከመስከረም 1 በፊት ከሆነ 8፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 7 ይቀነሳል። ስለዚህ ፈቃዱ ወይም የመሬቱ ውል በ1951፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1952 ቢገኝ ሁለቱም አይጋጩም፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ብቻ ጻፉ። በ1951 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 1952 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው። በ11 ቆጥሮ የጻፈ ካለ በአንድ ቀን ተሳስቷል።

ዴላሳል_አጥኚ
«ብራዘር» ነው ትክክሉ፤ እባካችሁ ይህን አታምታቱት። ቅዱስ ዮሴፍን የመሠረተው ለማስተማር የተቋቋመው የካቶሊኮች ዴ ላ ሳል ማኅበር ነው፤ አባላቱ መሐላ የፈጸሙ መነኮሳት ናቸው እንጂ ካህናት አይደሉም፤ ቅዳሴ አይቀድሱም፣ ሰው አያናዝዙም። የማኅበሩ መሥራች ዮሐንስ መጥምቅ ዴ ላ ሳል ራሱ ካህን ሳለ፣ ወንድሞቹ ሙሉ ጊዜያቸውን ለማስተማር እንዲሰጡ ብሎ ክህነትን ከማኅበሩ አስቀረ። ማኅበሩ በ1680 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ራንስ ከተማ ተጀምሮ በሰፊው ያስለመደው ሁለት ነገር ነው፦ ልጆችን በየተራ አንድ በአንድ ከማስተማር ይልቅ በክፍል አሰባስቦ አንድ ላይ ማስተማር፣ ንባብንም ከላቲን ሳይሆን ከአፍ መፍቻው ከፈረንሳይኛ መጀመር። ዛሬ ክፍል የምንለው ነገር እንዲህ የተለመደ እንዲሆን ብዙ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ በመጽሔቱ አንድ ገጽ ይገባዋል።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዳደሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን (ጄስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ናቸው። እነሱ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ በተራ ልብስ ነበር የሚያስተምሩት፤ ሃይማኖታቸውን እንዲሰብኩም አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ «የካቶሊክ ትምህርት ቤት» ብላችሁ ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር አትደርድሩት።

መዝገብ_ወዳጅ
ስለ 1967 እና 1968፦ ጠፋ ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የእድገት በኅብረት ዘመቻን አስቡ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በታኅሣሥ 1967 ወደ ገጠር ዘምተዋል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ምክንያቱን በዚያው ቦታ ጻፉ፤ ባዶ ገጽ ብቻ አትተዉ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ስለነበሩ፣ በዚያ ዘመን 10ኛ ጨርሶ የሄደውን ልጅ ከ12ኛ ጨራሽ ጋር በአንድ ዓምድ አትቁጠሩት።

ስሞቹን በአማርኛ ፊደል ከተጻፈው መዝገብ ውሰዱ። በላቲን ፊደል የተጻፈው ላይ አንድ ልጅ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኝና ሦስት ሰው ይሆናል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፤ አራቱ ሲገጥሙ ብቻ አንድ ሰው ነው በሉ።

የማኅበሩ_ጸሐፊ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶዎቹስ? አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ «መጋቢት 10» ወይም «ግንቦት 7» ብቻ ነው ያለው፤ ዓመት የላቸውም።

ዴላሳል_አጥኚ
ሁለቱም በዓላት ናቸው። መጋቢት 10 (ማርች 19) የቅዱስ ዮሴፍ ቀን ነው። በኦርቶዶክስ የመስቀል በዓልም ስለሆነ ፎቶው ላይ ደመቅ ያለ መስቀል ብታዩ ወዲያው የትምህርት ቤቱ ነው አትበሉ። ግንቦት 7 (ሜይ 15) የዴ ላ ሳል ቀን ነበር፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበዓላት አቆጣጠር ወደ ኤፕሪል 7፣ ማለትም ወደ መጋቢት 29 ዞሯል። ብዙ የዴ ላ ሳል ትምህርት ቤቶች ሜይ 15ንም ስለሚያከብሩ ቀኑ ብቻውን ዓመት አይወስንም፤ ከደንብ ልብሱና ከሕንፃው ጋር አስተያዩት።

ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን አድርጉና በቲፍ (TIFF) የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። ከአልበም ሙጫ ላይ አትላጡ፤ ፊቱ ተገፎ ይቀራል፣ ገጹን ከነአልበሙ ስካን አድርጉት። ላሚኔሽን አታድርጉ። ጀርባው ላይ በቢክ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ጫን ሳትሉ፣ ከፊተኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስም ጻፉ። ያልታወቀውን ሰው ቦታ በሰረዝ ያዙለት፤ ከዘለላችሁት ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ሰው ይዛባሉ።