የሰላም ስምምነት በሕዝብ ድምፅ ይጽደቅ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። ጦርነት የሚያስቆም ስምምነት ለሕዝበ ውሳኔ ይቅረብ ወይስ ባለጠመንጃዎቹ ከፈረሙ ይበቃል? መነሻችን ኮሎምቢያ ናት። መንግሥትና ፋርክ የሚባለው አማፂ ቡድን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ውጊያ በኋላ ሃቫና ላይ አራት ዓመት ተደራድረው ሴፕቴምበር 26 ቀን 2016 ካርታሄና ከተማ ውስጥ ፈረሙ (የውጭ አገሮቹ ዘመን በሙሉ እ.ኤ.አ. ይሁንልን)። ሳምንት ሳይሞላ ለሕዝብ ቀረበና 50.2 በመቶው አይሆንም አለ። ተከራከሩ፤ ስድብ የጻፈ ግን ይሰረዛል።

መምህር፦
እኔ አይቅረብ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ቦጃያ ትባላለች፤ በምዕራብ ኮሎምቢያ አትራቶ ወንዝ ዳር ያለች ድሃ ከተማ ናት። ሜይ 2 ቀን 2002 ፋርክና ቀኝ ዘመም ታጣቂዎች እዚያ ሲታኮሱ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተጠለለ። ፋርክ በጋዝ ሲሊንደር የሠራው ፈንጂ ጣሪያውን በስቶ ሕዝቡ መሐል ፈነዳ። ሰማንያ ያህል ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከፍርስራሹ የወጣው የክርስቶስ ምስል እጅም እግርም የለውም፤ እንደዚያው ሆኖ ተቀምጧል።

እንግዲህ ይህች ከተማ በ2016 ምን ብላ ድምፅ ሰጠች? ከመቶ 96 ያህሉ ስምምነቱን ደገፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። የቦጃያ ሰው አልረሳም፤ ሳይረሳ ነው እሺ ያለው። ያንን እሺታ የሻረው ጥይት ሲያፏጭ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ነው። በምን ሒሳብ ነው የእሱ ካርድና የቦጃያዋ እናት ካርድ እኩል የሚመዘኑት?

የሕግ ባለሙያ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ታሪኩን ለጠበቃ እንደሚመች አድርገው ከፋፈሉት። አንቲዮኪያ የሚባለውን ክፍለ ግዛት ይመልከቱ። በዚያ ጦርነት ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ነው፤ ሆኖም 62 በመቶው ተቃወመ። «የተጎዳ ይደግፋል፣ ያልተጎዳ ይቃወማል» የሚለው ተረት እዚያ ላይ ይሰበራል። ወንድሙ ታግቶ ያልተመለሰለት ሰው አጋቹ ምክር ቤት ገብቶ ወንበር ሲይዝ ማየት አልፈልግም ቢል ጦረኛ አያሰኘውም። ስምምነቱ ፋርክ ለሚመሠርተው ፓርቲ የምርጫ ውጤቱ ምንም ቢሆን አሥር የምክር ቤት መቀመጫ ይሰጥ ነበር፤ ለሁለት የምርጫ ዘመን። ጥፋቱን ላመነም ወህኒ ቤት የለም፤ ከእንቅስቃሴ ገደብ ጋር ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሚደርስ የካሳ ሥራ ብቻ ነው። እኔ ጠበቃ ነኝ፣ የዚህን ጥቅም እረዳለሁ። ነገር ግን ሕዝብ ሳይጠየቅ ይህን ያህል ነገር ማን ሊሰጥ ይችላል?

ሐሰሳ፦
ለመሆኑ ስንት ሰው ወጥቶ መረጠ?

የሕግ ባለሙያ፦
ከመቶ 38 አይሞላም። ልዩነቱም ከ54 ሺህ ድምፅ ያነሰ ነበር።

ሐሰሳ፦
እና ይሄ ነው «ሕዝብ ተናገረ» የሚባለው? በዚያ ላይ ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያን ዳርቻውን ያጥለቀለቀው በዚያው ቀን ነበር። ያ አካባቢ ደግሞ ወደ ድጋፉ የሚያዘነብል ነው። የአንድ አገር ጦርነት ማብቃትና አለማብቃት በዝናብ ሲወሰን አስቡት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የተቃውሞው ዘመቻ ኃላፊ በኋላ ለጋዜጣ የሰጠው ቃል ነው፤ ሰው ተናድዶ እንዲወጣ ነበር የፈለግነው አለ፣ ያለ ኀፍረት። 297 ገጽ የሚያነብ ማን አለ? መናደድ ግን ገጽ አያስፈልገውም።

ቤልፋስት ነዋሪ፦
ብዙ ዓመት የኖርኩበት ከተማ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናንተ ኮሎምቢያን ይዛችሁ ሕዝበ ውሳኔን በሙሉ ትቀብራላችሁ። ሰሜን አየርላንድ ስለ ሰላም ስምምነቷ በሜይ 22 ቀን 1998 ተጠይቃ 71 በመቶ እሺ ብላለች፤ ከመቶ 81ዱ ወጥቶ ነው የመረጠው። ጉርሻው ቀላል ነበር እንዳትሉ! በቦምብና በጥይት የገደሉ እስረኞች በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚፈቱ በስምምነቱ ተጽፏል። ከምርጫው በፊት በነበሩት ቀናት ለጊዜው ከእስር የወጡ አይአርኤ የሚባለው አማፂ ቡድን ሰዎች አንድ የፓርቲ ጉባኤ ላይ በረጅም ጭብጨባ ሲቀበሏቸው ታየ፤ ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚፈልገው የፕሮቴስታንቱ ወገን ደም ፈላ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ብዕሩን አንሥቶ በራሱ እጅ ጽሑፍ ቃል እስከመግባት ደረሰ።

ታዲያ እንዴት አለፈ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው። የስምምነቱ ሙሉ ጽሑፍ ታትሞ በየቤቱ ደጃፍ ደረሰ። የሥራ ባልደረባዬ እናት ቅጂዋን እስካሁን በመሳቢያ አስቀምጣለች፣ አይቼዋለሁ። ቀጭን ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ እናትና አባት ከሁለት ልጆች ጋር ፀሐይ ፊት ለፊት ቆመው በጥላ መልክ ይታያሉ። ውሳኔው የእርስዎ ነው ይላል። አሮጊቷ በእርሳስ አስምራበታለች፤ የእስረኞቹ አንቀጽ ጋ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ከነንዴቷ እሺ ብላ መርጣለች። ከዚያ ወዲህ መንግሥቱ ስንት ጊዜ ፈርሶ ተሠራ፤ ሠፈር ከሠፈር የሚለየው ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ አንዳንዱ በሩ ማታ ማታ ይዘጋል። ነገር ግን ማንም ፖለቲከኛ ተነሥቶ «ይህ ስምምነት በጓዳ የተዶለተ ነው» ቢል የሚሰማው የለም፤ ያጸደቀው ሕዝቡ ራሱ ነውና።

መምህር፦
ደብተሩን ወድጄዋለሁ። ግን ከፕሮቴስታንቱ ወገን የደገፈው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ድምፁ የተቆጠረው በጥቅል ነው እንጂ ወገን በወገን ቢሆን ኖሮ ክር ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ወገን በወገን ሲቆጠር የሚሆነውን ቆጵሮስ ነገረችን። ኤፕሪል 24 ቀን 2004 ደሴቲቱን መልሶ ለማዋሐድ የቱርክና የግሪክ ቆጵሮሳውያን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቀን ተጠየቁ፤ ቱርኮቹ 65 በመቶ እሺ፣ ግሪኮቹ 76 በመቶ እምቢ። ግሪኮቹ በሳምንቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሊሆኑ ቀናቸው ተቆርጦ ነበር፤ እሺ አሉ እምቢ አሉ አይቀርባቸውም። የሚያጣው ነገር የሌለውን ሰው «ታረቅ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? ያቺ ደሴት እስካሁን ለሁለት እንደተከፈለች አለች።

የአዲግራቷ፦
ሁላችሁም ስለ ሩቅ አገር አማረላችሁ። እኔ ቅርብ ካለው ልጀምር። የኢትዮጵያና የኤርትራ የአልጀርስ ስምምነት በ1993 ዓ.ም. ሲፈረም የድንበር ኮሚሽኑ የሚወስነው «የመጨረሻና አስገዳጅ» ነው ተባለ። በ1994 ዓ.ም. ውሳኔው መጣ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ። ያን ጊዜ ድንበሩ ላይ ባለችው ኢሮብ ወረዳ ሰው ለሰልፍ ወጣ፤ መሬታችን ለሁለት ሲቆረጥ ማን ጠየቀን ብሎ። የፕሪቶሪያውም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም እኛ እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው የሰማነው። ተኩሱ ቆመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በዚያን ሰዓት ሕዝበ ውሳኔ ይጠራ ብትሉኝ በጥፊ ነበር የምመታችሁ። ሰው እየሞተ ካርድ አይታተምም።

ስለዚህ እኔ ከሁለታችሁም አይደለሁም። መምህር «አትጠይቁ» ይላሉ፣ የሕግ ባለሙያዋ «መጨረሻ ላይ ጠይቁ» ትላለች። መጨረሻ ላይ የቀረው አዎና አይደለም ብቻ ነው። ኢሮብ የሚፈልገው ካርድ ሳይሆን መስመሩ ሳይሰመር በፊት ካርታው ላይ ጣቱን ማሳረፍ ነበር። ኮሎምቢያ ራሷ ይህን በከፊል አድርጋዋለች። በ2014 ስድሳ ተጎጂዎች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እየሆኑ ሃቫና ሄደው ተደራዳሪዎቹ ፊት ተቀምጠው ተናገሩ፤ ፋርክ የበደላቸውም፣ ወታደር የበደላቸውም። ከዚያ ድርድር የተጎጂዎች ምዕራፍ የወጣው እንደዚያ ነው። ስለ ሕዝበ ውሳኔው ብቻ ስታወሩ ይህን ማንም አላነሣም።

የሕግ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ያልሽው ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስድሳውን ማን መረጠ? የተባበሩት መንግሥታት፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲና የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ። በሚሊዮን ለሚቆጠር ተጎጂ ስድሳ ሰው፣ በሦስት ተቋም ምርጫ። እኛም አገር የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከየወረዳው ተሳታፊ ሲያስመርጥ «ማን አስመረጠ፣ ማን ቀረ» የሚለው ሙግት ዋናውን አጀንዳ ውጦት እንደነበር ታውቂያለሽ። የምርጫ ካርድ ቢያንስ ይህን ጣጣ ያስቀራል። ሁሉም እኩል አንድ ነው።

ሐሰሳ፦
እኩል አንድ የሆነው እኮ ኋላ ተሽሯል። «አይሆንም» ከተባለ በኋላ ስምምነቱ ተሻሻለ፤ ፋርክ ንብረቱን አስመዝግቦ ለካሳ እንዲያስረክብ፣ የውጭ ዳኛ የጦርነቱን ጥፋቶች በሚዳኘው ልዩ ፍርድ ቤት እንዳይቀመጥ ተደረገ። የምክር ቤቱ አሥር ወንበር ግን አልተነካም። ኖቬምበር 24 እንደገና ተፈረመ፤ ይህን ጊዜ ወደ ሕዝብ ሳይሄድ በምክር ቤት ብቻ ጸደቀ። ተቃዋሚዎቹ አዳራሹን ጥለው ወጥተው አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልተመዘገበም። ጠይቆ መልሱ ሲጎመዝዝ በጓሮ በር መግባት ካለ መጀመሪያውኑ ባይጠየቅስ?

የሕግ ባለሙያ፦
በጓሮ በር አትበለው። ያ «አይሆንም» ባይኖር የንብረቱ አንቀጽ አይጠብቅም ነበር። ሽንፈቱ ስምምነቱን አሻሻለው። ሁለተኛ አለመጠየቃቸው ግን ያሳፍራል፤ በዚህ አልከራከርህም።

ቤልፋስት ነዋሪ፦
ለአዲግራቷ እህቴ፦ ሐሳብሽ ከእኔ ጋር አይጣላም። አስቀድሞም ይጠየቅ፣ ኋላም ይጠየቅ። ደቡብ አፍሪካ በማርች 1992 ነጮቹን ብቻ የጠየቀችው የአፓርታይድን ሥርዓት የሚያበቃው ድርድር ገና ሳያልቅ ነበር፤ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» ብሎ ፕሬዚዳንቱ ዴ ክለርክ ጠየቀ፣ 68.7 በመቶው ቀጥል አለው። የተጠየቁት እነማን እንደሆኑ ያበሳጫል፤ ጊዜው ግን ትክክል ነበር። ውሉ ላይ ሳይሆን ፈቃዱ ላይ ነው የተጠየቁት።

መምህር፦
ያበሳጫል ብቻ? የአገሩ አብዛኛው ሕዝብ በር ላይ ቆሞ ነጮቹ «እናስገባቸው?» ተባባሉ። ይህ ለሕዝበ ውሳኔ ምስክር ሆኖ ከቀረበ እኔ ተጨማሪ ምስክር አያስፈልገኝም።

የአዲግራቷ፦
መምህር፣ እርስዎም ከዚህ አያመልጡም። «አትጠይቁ» ሲሉ በር ላይ የሚቆመው ያው እኔ ነኝ። ስድሳውን ማን መረጠ ለተባለው ግን መልስ አለኝ፤ ቢያንስ ከአንድ ወገን በላይ መረጣቸው። እኛ ጋ አዛውንቶች ደም ሲያስታርቁ ሁለቱም ወገን ያልተስማማበት ሽማግሌ አይቀመጥም። ይህ በአዋጅ ይጻፍ ብል የትኛው አንቀጽ ይከለክለኛል? የሕግ ባለሙያዋ ትንገረኝ።

የሕግ ባለሙያ፦
የሚከለክል አንቀጽ የለም። የሚያስገድድም የለም፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። መንግሥትና አማፂ ሲደራደሩ ሦስተኛ ወንበር የሚጨምሩት ሲጨንቃቸው ብቻ ነው። ሃቫና ላይም ወንበሩ የተጨመረው የተጎጂ ማኅበራት ለዓመታት ስለወተወቱ ነው እንጂ ሕግ አዝዞ አይደለም።

አወያይ፦
ክርክሩ ነገም ይቀጥላል። ሐሰሳ ጓቲማላን በግል ጽፎልኛል፤ በ1999 ሕዝበ ውሳኔ የሰላሙ ማሻሻያዎች በ18 በመቶ ገደማ ተሳትፎ ወድቀዋል። ነገ በእሱ እንጀምራለን፤ የአዲግራቷ ጥያቄም ክፍት ነው።