የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ፦ ወጣቶችና ለመስከር ሲባል ትነታቸው የሚሳብ ኬሚካሎች

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ሦስት ክፍል አለው፦ ትምህርት፣ ሽያጭ፣ ድንገተኛ እርዳታ። ሦስተኛው ክፍል ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ «በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ» የምትል አንድ መስመር ብቻ ናት ያለችው። ጨምሩበት፣ ሰርዙ፣ ቀይሩ። ዓርብ እዘጋዋለሁ።

መምህሩ አባል፦
ለተማሪዎች የሚታደለው ወረቀት አልተዋጠልኝም። ማስቲሽ፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የላይተር ጋዝ፣ ስፕሬይ እያልን ደርድረናል። ጭራሽ የማያውቀውን ልጅ ልናስተምረው ነው? ዝርዝሩ ወደ ወላጆችና መምህራን ወረቀት ይዙር። እዚያ ላይ ምልክቶቹም ይግቡ፦ ልብስ ላይ የማይለቅ የኬሚካል ሽታ፣ አፍና አፍንጫ ዙሪያ ሽፍታ፣ ጣት ላይ ቀለም፣ ቦርሳ ውስጥ የተደበቀ ጨርቅ፣ ሰክሮ የመጣ የሚያስመስል አነጋገር።

ወላጅ አባል፦
እኔ አልስማማም። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። እኛ ስንደብቀው የሚያምኑት ጓደኛቸውን ነው።

ነርሷ፦
በዚህ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ለትንንሾቹ «ይህ መርዝ ነው፣ መስኮት ሳይከፈት አይነካም» ማለት ይበቃል። ከፍ ላሉት ደግሞ ጉዳቱን በግልጽ እንንገር። ማስቲሽና ቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ቶሉይን የሚባል ኬሚካል ለረጅም ጊዜ ሲሳብ የአንጎልን ነጭ ክፍል ያበላሻል። የሰውነትን ፖታሲየም አውርዶ ጡንቻ እስከማዛል ይደርሳል።

ግን እባካችሁ ክፍል ሦስት ላይ እንቆይ። የእነዚህ ነገሮች ትነት ልብን ለአድሬናሊን (ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ለሚያመነጨው ንጥረ ነገር) ከልክ በላይ ስስ ያደርገዋል። ልጁ ስቦ እያለ ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ አድሬናሊኑ ይጨምራል፣ የልብ ምቱ ይዛባል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረም ከዚህ አያመልጥም። አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ 110 እንዲህ ያሉ ድንገተኛ ሞቶች ተሰብስበው በሕክምና መጽሔት ታትመዋል።

አሁን እኛ የምናደርገውን አስቡት። ልጆች ከግንብ ጀርባ ላስቲክ ይዘው ተቀምጠዋል። ጥበቃው ዱላውን ይዞ «ያዘው!» እያለ ይመጣል። ልጆቹ እግሬ አውጪኝ ይላሉ፣ አላፊ አግዳሚውም አብሮ ያባርራል። ለልብ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ወላጅ አባል፦
ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ታዲያ ዝም ብለን እንያቸው?

ነርሷ፦
ዝም አይባልም። አይጮህም፣ አይባረርም፣ አይመታም። ቀስ ብሎ ቀርቦ ማስቀመጥ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣት። እሳትና ሲጋራ ከአካባቢው ይራቅ፣ ትነቱ ይቀጣጠላል። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ማስተኛት። ትንፋሹ ከቆመ አምቡላንስ እያስጠሩ ደረቱን በእጅ መጫን መጀመር። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ እርዳታ እስኪደርስ ብቻውን አይተውም። ተግሣጹ ለነገ ይደር።

የወጣት ማዕከል አስተባባሪ፦
ሮጦ ካመለጠስ?

ነርሷ፦
ይሂድ። የሚያውቀው ሰው በእርምጃ ይከተለው።

የቀለም ሱቅ ያለው አባል፦
ክፍል ሁለት ላይ «ሽያጭ ይከልከል» የሚለው አያስኬድም፤ ዕቃው ለሥራ የሚፈለግ ነው። ለልጅ አለመሸጥ፣ ከመደርደሪያው ፊት አንስቶ ወደ ውስጥ ማድረግ፣ ይህን እኛ ነጋዴዎች ዛሬውኑ እንችላለን። ከዚያ በላይ ግን ዕቃውን ራሱን መቀየር ይሻላል። አውስትራሊያ ውስጥ ቤንዚን መሳብ ባስቸገራቸው ራቅ ያሉ መንደሮች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚያጦዘው ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ቤንዚን ገባ፤ ሱሱ በጣም ቀነሰ። ነዳጅ መቀየር አቅማችን አይደለም። ትምህርት ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች በውኃ የተሠራ ማጣበቂያ እንዲገዙ መጠየቅ ግን እንችላለን።

የወጣት ማዕከል አስተባባሪ፦
ይህ ይግባ። ግን ጎዳና ላይ ያሉትን ረቂቁ ረስቷቸዋል። ብዙዎቹ የሚስቡት ረሃብና ብርድ ለማስረሳት ነው። ወረቀት ብናድላቸው ምን ይሠራላቸዋል? ማዕከሉ ምሳና ማረፊያ የሚሰጥበት ሰዓት ይኑር፣ ስቦ የመጣም በር ላይ አይመለስ። በጀቱን ከወረቀት ማተሚያው እንቀንስ።

መምህሩ አባል፦
በዚህ እስማማለሁ። ባነር ባይኖረንም አንሞትም።

ጸሐፊ፦
የነርሷን ጽሑፍ እንዳለ ወስጄ ክፍል ሦስትን ወደ ክፍል አንድ አምጥቼዋለሁ። «ይከልከል» የሚለው ወጥቷል፣ የማጣበቂያው ጥያቄ ገብቷል። ምሳው ከነበጀቱ ራሱን ችሎ አራተኛ ክፍል ሆኗል። የተማሪዎቹ ወረቀት ላይ አልተግባባንም፤ ዓርብ በድምፅ እንወስን። አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለጥበቃዎቹ ማን ያስረዳ?

ነርሷ፦
እኔ። ሰኞ ጠዋት፣ ተረኞቹ ሲቀያየሩ ሁለቱንም ፈረቃ አገኛለሁ። መምህሩ አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ እሳቸውን ይሰማሉ።

መምህሩ አባል፦
እመጣለሁ።