የማሕረም ዘር አራት ኪሎ ላይ ቢኖር ምን ይወርሳል?

ማለዳ፦
ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋና ገጸ ባሕሪዬ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ዘሯ ከማሕረም ይመዘዛል፤ ከጥንት አክሱማውያን የጦርነት አምላክ። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሳይቀበል በፊት ድንጋይ ላይ ራሱን «ወልደ ማሕረም ዘኢይትመዋእ ለፀር» አሰኝቷል። ለጠላት የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ቸግሮኛል። መብረቅ ባስወረውራት የግሪክ ተረት ይሆንብኛል። ታዲያ ኃይሏ ምን ይሁን? ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለእናቴ ሳነብላት ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከከሰሉ አነሳችና «ልጄ፣ ጣዖት ነው እንዴ የምትጽፊው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ ልጅቷንም መተው አቃተኝ።

ግዕዝ ወዳድ፦
እህቴ፣ መልሱ እዚያው ድንጋይ ላይ አለልሽ። ኢዛና ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ያስጻፈውን ተመልከቺ። ድሉን የሚሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው። ማሕረም የለም። በእሱ ቦታ የገባው የሥጋ አባቱ እለ ዓሚዳ ነው። «ለጠላት የማይሸነፈው» የሚለው ግን አልወጣም! አባትየው ተቀየረ፣ ቅጽሉ ቀረ። ገንዘቡ ላይም እንዲሁ ነው፤ የጨረቃዋ ምልክት ተነሥታ መስቀል ገባ። ስለዚህ ልጅቷ የወረሰችው አምላኩን ሳይሆን ያንን ቃል ይሁን። ማንንም ማምለክ የለባትም።

በነገራችን ላይ ኢዛና ለማሕረም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት የነሐስ የሰው ቅርጽ ሐውልት እንዳቆመ በግሪክኛ አስጽፏል። ማሕረምን እዚያ በግሪኮቹ የጦርነት አምላክ ስም አሬስ ነው የሚለው። አክሱም ውስጥ የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ ተገኝቷል፤ የሐውልቱ እግር የሚገባበት ጎድጓድ ብቻ 92 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ይህን ሳትጠቀሚበት እንዳታልፊ።

የቀበናው፦
ከግዕዝ ወዳድ ጋር እስማማለሁ። ግን አለመሸነፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ እሱን ጻፊው። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአጥር ድንበር ከጎረቤቷ ጋር 9 ዓመት ተሟገተች። ረታች። ከዚያ በኋላ ቡና ስታፈላ ሁለተኛውን ስኒ የሚያነሳላት ሰው አልነበረም። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ያ ስኒ ተገልብጦ ሲቀመጥ እያየሁ ነው። ያንቺም ልጅ ሁሉንም ትርታ። እስቲ ማን አብሯት ይቀመጣል?

ማለዳ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የስኒው ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ምዕራፉን ከቅጽ ነው የምጀምረው። አንድ ሽማግሌ የመታወቂያ ቅጻቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጣሉ፤ ልጅቷ የአያት ስም የሚለው መስመር ላይ ስታይ የሚነበብ ነገር የለም።

ትናንት ማታ ለእናቴ የድንጋዩን ታሪክ ነገርኳት። «እና የድሮውን ስም አስፋቀው?» አለች። አላስፋቀም፣ ሌላ ድንጋይ አስጻፈ፣ ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገችና «እሺ፣ ልጅቷስ ምን ሆነች?» አለችኝ።