ለልጆች በምሽት የሚነበብ አስፈሪ ተረት የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦
በጅማ ከተማ በአንዲት አነስተኛ የልጆች ንባብ ክፍል በፈቃደኝነት አገለግላለሁ። በክረምቱ ዕረፍት ከ8 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ እኛ በዚያ ዕድሜ እየፈራን ደጋግመን ካነበብናቸው ተረቶች ጥቂት ላነብላቸው አስቤአለሁ። እኔ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ልጆችን በስልቻ ከትቶ የሚሄደው ጭራቅ ነው። ልጆቹ ወደ ቤት የሚመለሱት ሲመሻሽ ስለሆነ፣ አስፈሪውን ክፍል ላለዝበው ወይስ እንዳለ ላንብበው?

መልስ 1፦
ጭራቁን አያለዝቡት፤ የማያስፈራ ጭራቅ ልጆችን ያሰለቻል። ነገር ግን ልጆቹ ከስልቻው በብልሃት ሳያመልጡ «ነገ እንቀጥላለን» ብለው መጽሐፉን እንዳይከድኑ አደራ፤ የዚያን ሌሊት መከራ የሚያየው ወላጅ ነው።

መልስ 2፦
ጀርመናውያኑን ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾችንም ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የመጀመሪያ ቅጽ ሐንሰልና ግሬትል የተባሉት ወንድምና እኅት ጫካ ውስጥ እንዲጣሉ የምትመክረው ወላጅ እናታቸው ነበረች፤ በኋለኞቹ እትሞች የእንጀራ እናት አደረጓት፤ በጫካው ልጆቹን ልትበላ ያሰበችው ጠንቋይ በምድጃ መቃጠሏን ግን እንዳለ ተዉት። ልጅን ይበልጥ የሚያስጨንቀው በገዛ ቤተሰቡ መጣል መሆኑን የተረዱ ይመስለኛል። ሆኖም ከአድማጮችዎ መካከል በእንጀራ እናት የምታድግ ልጅ ካለች ይህም ማሻሻያ አይበጅምና፣ የወላጆቹን ድህነት አጉልተው ቢያነቡት ይመረጣል።

መልስ 3፦
እኔ ደግሞ አንድ ተረት እንዲተዉ እለምንዎታለሁ፤ ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ውሎ ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ሰው የሚነገረውን። በልጅነቴ እጅግ የወደድሁት ቢሆንም፣ ቀጥቃጮችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ቆዳ ፋቂዎችን «ቡዳ» እያሰኘ ሲያስገልላቸው የኖረ እምነት ነው፤ በክፍልዎም የሸክላ ሠሪ ልጅ ልትኖር ትችላለች። ጅብ ካስፈለገ በሆዱ የተነሣ ዘወትር የሚታለለው አያ ጅቦ ይበቃል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የቀጥቃጩን ተረት ከዝርዝሬ አውጥቻለሁ። ብዙዎቹ ልጆች በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ስለሚናገሩ በአማርኛ ብቻ ባነብ ፍርሃቱ አይቀዘቅዝም ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ይቀዘቅዛል። ከልጆቹ አያቶች አንዷን ጋብዘው የቡልጉን ተረት በአፋን ኦሮሞ ያስነግሩ፤ ቡልጉም ሰው በላ ስለሆነ ከጭራቁ ቀጥሎ ይስማማል። ወላጆችም ልጆቻቸውን መጥተው እንዲወስዱ አስቀድመው ይንገሯቸው።