ኢንተርፌሮን ከተወጋሁ በኋላ ሌሊቱን የሚይዘኝን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት እንዴት ላቅልለው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። መልቲፕል ስክለሮሲስ (የነርቭን ልባስ የሚጎዳ ሕመም) እንዳለብኝ የታወቀው ባለፈው ዓመት ሲሆን፣ ኢንተርፌሮን ቤታ 1ኤ 44 ማይክሮግራም በሳምንት 3 ጊዜ ከቆዳ ሥር መወጋት ከጀመርኩ 7 ሳምንት ሆኖኛል። መድኃኒቱን የሚልክልኝ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ስለሆነ ከመጀመሪያው እጄ የገባው ሙሉ መጠን ያለው ብቻ ነበር፤ በዝቅተኛ መጠን መጀመር እንደሚቻል የነገረኝም ሰው አልነበረም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከተወጋሁ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ድረስ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ሁለት ጋቢ ደርቤም አልሞቅም። ከዚያ ትኩሳቱ ይነሣል፣ መገጣጠሚያዬን ይቆረጣጥመኛል፣ ንጋት ላይ ደግሞ አንሶላው በላብ ርሶ እነቃለሁ። ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት የቀኝ እግሬ ድካም ስለሚብስ ወደ መጸዳጃ ቤት የምሄደው ግድግዳ ይዤ ነው። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትሰጠኛለች፤ እኔም ቅር እንዳይላት እጠጣለሁ። ሆዴና ጭኔም የተወጋሁበት ቦታ ሁሉ ሳንቲም የሚያህል ቀይ ምልክት ይዟል።

አሁን ጾም በመሆኑ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ማስታገሻውን እንዴት ልውሰድ? እግሬ በየጊዜው መድከሙስ ሕመሙ እየባሰብኝ ነው ማለት ነው? እውነቱን ለመናገር፣ መርፌውን ላቋርጠው ምንም አልቀረኝም።

መልስ፦ ፋርማሲስት

እህታችን፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡት፤ የሚሰማዎትን ለማቅለል የሚቻል ብዙ ነገር አለ። ኢንተርፌሮን ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት ራሱ ከሚያመነጫቸው መልእክተኛ ፕሮቲኖች አንዱ በመሆኑ፣ በመርፌ ሲገባም ሰውነት ኢንፍሉዌንዛ እንደያዘው ሆኖ ይነሣል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተወጉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምርና በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ በብዙ ሰዎች ላይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

የእርስዎ ችግር የጠነከረው በሙሉ መጠን ስለጀመሩ ሊሆን ይችላል። ይህ መድኃኒት በተለምዶ የሚጀመረው ለ2 ሳምንት 8.8 ማይክሮግራም፣ ለቀጣዮቹ 2 ሳምንታት 22 ማይክሮግራም፣ ከዚያ በኋላ 44 ማይክሮግራም እየተወጉ ነው። መጠኑን ዝቅ አድርጎ እንደገና ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የነርቭ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ መርፌውን በግምት ከፍለው ግን አይወጉ።

ማስታገሻን በተመለከተ፣ ብርዱ ከመጣ በኋላ ከመሯሯጥ ቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል። ከመወጋትዎ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ፓራሲታሞል ቢወስዱ፣ ካስፈለገም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይተው ቢደግሙት ሌሊቱ ይቀልልዎታል። ኢንተርፌሮን ራሱ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፉ፣ እንዲያውም ከዚያ በታች እንዲወሰኑ እመክራለሁ፤ ጠላና አረቄም ቢቀሩ መልካም ነው። አይቡፕሮፌን ደግሞ በባዶ ሆድ ጨጓራን ስለሚጎዳ በጾም ቀን ከምግብ በፊት ፈጽሞ አይውሰዱት፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጭራሹን ይተዉት። የመርፌዎ ሰዓት ማታ ስለሆነ ከእራት በኋላ መውሰድ ይችላሉ፤ ጾሙንም አይነካብዎትም።

ስለ እግርዎ፣ በጀርመናዊው የዓይን ሐኪም በቪልሄልም ኡትሆፍ ስም የሚጠራ ክስተት አለ፦ የሰውነት ሙቀት ሲጨምር ልባሱ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ስለሚያቅተው የነበረው ምልክት ለጊዜው ይብሳል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ይመለሳል። ትኩሳት ሳይኖር አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሐኪምዎ ማወቅ አለበት።

አንድ ነገር አልጠቀሱም፤ የጉበትና የደም ሴል ምርመራ አድርገዋል? በተለምዶ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይታያል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ወይም ድባቴ ተጭኖዎት ሕይወት ካስጠላዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ዳማከሴውንም ጭምር የሚጠጡትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

መልስ፦ የ6 ዓመት ታካሚ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። ኢንተርፌሮን 3 ዓመት ተወግቼ በሐኪም ትእዛዝ ለዚሁ ሕመም ወደሚሰጥ ሌላ መርፌ፣ ወደ ግላቲራመር አሲቴት ከተዛወርኩ ሌላ 3 ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው እኔ ስለተሳሳትኩበት ነገር ነው። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ያዘኝ፤ የለመድኩት ነው ብዬ ፓራሲታሞል እየዋጥኩ 3 ቀን ተኛሁ። በ4ኛው ቀን ደሜ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። በጣና ዳር እየኖርን፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ትኩሳትን ሁሉ በመርፌው ማሳበብ አይገባንም። ቴርሞሜትር ግዢና በተወጋሽ ማግስት ማታ ለኪ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ካልወረደ ወይም መርፌ በሌለበት ቀን ከመጣ የወባ ምርመራ አድርጊ።

ስለ ቆዳሽ፣ መርፌውን ከፍሪጅ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ያቃጥላል። ቆዳሽን የጠረግሽበት አልኮል ሳይደርቅ አትወጊ። እኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ላይ በየዕለቱ ፊት «ግ.ጭ»፣ «ቀ.ሆ» እያልኩ የግራ ጭን፣ የቀኝ ሆድ መሆኑን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ቀይ ወይም ጠጣር ሆኖ የቀረውን ቦታ እስኪድን እዘልለዋለሁ። የተወጋሽበት ቆዳ ከጠቆረ ወይም ከቆሰለ ለሐኪም አሳዪ።

ግላቲራመር ያን ትኩሳት አላመጣብኝም፤ ይሁን እንጂ ጭኔ ላይ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ሟሙቶ ጎድጎድ ያለ ቦታ ትቶብኛል። አንድ ጊዜም እንደተወጋሁ ፊቴ ቀልቶ፣ ደረቴን አፍኖኝ፣ ልቤ ሲመታ ሞቴ የደረሰ መስሎኝ ነበር፤ 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። እንዲህ ያለው በአብዛኛው በራሱ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ ወይም ትንፋሽ እያጠረ ከሄደ ከባድ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። መድኃኒት መቀየር ከሁሉም ችግር መገላገል አይደለም።

መልስ፦ የሌላ ታካሚ ወንድም

የእህቴን መርፌ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የማመጣው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የዓባይ በረሃን ሙቀት ፈርቼ መርፌዎቹን በቀጥታ በረዶው ላይ ስላስቀመጥኳቸው ሁለቱ ቀዘቀዙና ረጉ፤ የረጋ መድኃኒት ቢቀልጥም አይወጋምና ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ መርፌዎቹን ከካርቶናቸው ሳላወጣ ነው የማስቀምጣቸው። መብራት ሲጠፋም ፍሪጁን አትክፈቺ፤ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሆነ ውስጡ ትንሽ ቴርሞሜትር አኑሪ፤ ከፍሪጅ ውጭ ምን ያህል እንደሚቆይ ደግሞ መግለጫ ወረቀቱን አንብቢ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የ1ኛው ወር ምርመራ እንዳለፈኝ ያወቅሁት አሁን ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደም እሰጣለሁ፣ ስለ መጠኑም ሐኪሜን እጠይቃለሁ። ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ፓራሲታሞል ወስጄ ተወጋሁ። ብርዱ አልቀረም፤ ሆኖም አንድ ጋቢ በቃኝ። እናቴ ቴርሞሜትሩን ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስታነብ 38.3፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 36.9 ነበር፤ ቁጥሮቹን የጻፈችው እርሷ ናት።