የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ በሁለተኛ ደረጃ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቲዎረሞችን (የጂኦሜትሪ ሕጎችን) እንዲያረጋግጡ ማስተማር ይገባል ወይስ ጊዜው ለስሌት ልምምድ ቢውል ይሻላል?

የ12ኛ ክፍል መምህር፦ እኔ ማረጋገጫው ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ በመሆኑ፣ ተማሪው ማረጋገጫ የቱንም ያህል አሳምሮ ቢጽፍ ነጥብ የሚያስገኝለት የሚያጠቁረው ፊደል ብቻ ነው። በተጨናነቀ ክፍል የእያንዳንዱን ተማሪ ጽሑፍ መስመር በመስመር ማረምም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚሞከር አይደለም።

የ9ኛ ክፍል መምህርት፦ ስለ ፈተናው ያነሱት ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አያስኬድም። በጎነ ሦስት ሀለሐ ውስጥ ሀለ እና ሀሐ እኩል ከሆኑ በነጥብ ለ እና በነጥብ ሐ ላይ ያሉት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ ሲባሉ፣ ብዙዎቹ ከሀ ወደ ለሐ መስመር ያወርዱና መስመሩ ማዕዘኑንም መሠረቱንም ለሁለት እኩል ይከፍላል፣ ለመሠረቱም ቀጤ ነክ ነው ብለው ሦስቱንም እንደተሰጠ ይቆጥሩታል። ትምህርቱ የሚጀምረው አንዱን ብቻ ይዛችሁ ተነሡ ሲባሉ ነው። መ የለሐ አጋማሽ ከሆነ ለመ እና መሐ እኩል ናቸው፣ ሀመ የጋራ ነው፤ ሦስቱም ጎኖች እኩል ስለሆኑ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ልክ ለልክ ይገጥማሉ፣ የቀረውም ሁሉ ከዚሁ ይከተላል። የተሰጠውን ከሚፈለገው ያልለየ ተማሪ በስሌቱም ቢሆን ሥዕሉን ዐይቶ «90 ዲግሪ ይመስላል» በማለት የፓይታጎረስን ቲዎረም ያለ ቦታው ይጠቀማል።

ወላጅ፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ ልጄ ማረጋገጫውን ቃል በቃል ሸምድዳ ትመጣለች፤ የነጥቦቹን ስም ብለውጥባት ግን ግራ ይገባታል። በዚህ ዓይነት ከሆነ መምህሩ እንዳሉት ቢቀር አይቆጨኝም።

መምህርት፦ ሽምደዳው ቢቀር እኔም ደስ ይለኛል። በእኔ ክፍል ተማሪዎቹ አስቀድመው በአማርኛ በቃል ያስረዳሉ፣ ጓደኛቸው «ለምን?» እያለ ያፋጥጣቸዋል፣ መጻፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህር፦ በቃል መሆኑ የእርማቱን ችግር ያቃልላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም 12ኛ ክፍል ደርሶ ፈተና ላይ ስለማይመጣ ነገር የሚሰማኝ ተማሪ የለም። ይቀጥል ከተባለም በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ይጠናቀቅ። የክብ ቲዎረሞችን አንድ በአንድ ያረጋግጡ ከተባለ ግን አሁንም አልስማማም።

መምህርት፦ አንድ በአንድ አላልኩም። በአንድ ቅስት (የክብ ዙሪያ ቁራጭ) ላይ ያረፈው የመሐል ማዕዘን በዙሪያው ላይ ካለው እጥፍ መሆኑ ብቻ በሚገባ ይረጋገጥ፤ በግማሽ ክብ ውስጥ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው በአንድ መስመር ያወጡታል።